የክራፍትቨርክ አድናቂዎች ከሠሯቸው አልበሞች የትኛውን ልስማ?

«ዘ ሮቦትስ» የተባለው የጀርመኑ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ቡድን የክራፍትቨርክ ዘፈን ብዙ መልክ አለው። አንድ አልበም ላይ በሁለት ቫዮሊን፣ በአንድ ቪዮላና በአንድ ቼሎ ይጫወታል። ሌላው ላይ ቻቻቻ የተባለው የላቲን ዳንስ ሆኗል። ሦስተኛው ላይ ደግሞ ከድሮ የጌም መጫወቻ ቺፕ ውስጥ እየጮኸ ይወጣል። ዜማው ያው ነው። ሦስቱንም የሠሯቸው ሰዎች ክራፍትቨርክን ከልባቸው የሚወዱ ናቸው። ይሁን እንጂ አንዱን የወደደ ሰው ሌላውን ሁለት ደቂቃ እንኳን ላይታገሰው ይችላል።

እኔ እነዚህን አልበሞች ደጋግሜ የሰማሁ ሰው ነኝ። ብዙ ሰው «ኦሪጅናሉ እያለ ኮፒው ምን ያደርግልኛል?» ይለኛል። ጥያቄው ይገባኛል። ጥሩ የአድናቂ ሥራ ግን ኮፒ አይደለም። ዘፈኑን ከነበረበት አንስቶ ሠሪው ወደሚኖርበት ሰፈር ይዞት ይሄዳል። ዘፈኑ እዚያ ደርሶ ቤተኛ ከሆነ ሥራው ሰምሯል። ድምፁን ብቻ አስመስሎ ከቀረ ግን ጊዜያችሁን አትስጡት። እኔም ከዚህ በታች የማወዳድራቸው በዚህ መስፈርት ነው።

ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ለአዲስ ሰሚ ትንሽ መነሻ

ክራፍትቨርክ በጀርመንኛ «የኃይል ማመንጫ ጣቢያ» ማለት ነው። ቡድኑን ራልፍ ሁተርና ፍሎሪያን ሽናይደር በ1970 ዱሰልዶርፍ ውስጥ መሠረቱት። «ክሊንግ ክላንግ» የሚሉት የራሳቸው ስቱዲዮ ነበራቸው። በ1974 «አውቶባን» ወጣ። የአልበሙ ዋና ዘፈን ከ22 ደቂቃ በላይ የሚፈጅ የመኪና ጉዞ ነው። ከዚያ በ1977 «ትራንስ ዩሮፕ ኤክስፕረስ»፣ በ1978 «ዘ ማን ማሽን»፣ በ1981 «ኮምፒውተር ዎርልድ» ተከተሉ።

ዛሬ ጭፈራ ቤት የምንሰማው ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ብዙው ከእነዚህ አልበሞች ጋር የሥጋ ዝምድና አለው። ሂፕሆፕም ቢሆን እንደዚያው ነው። በ1982 ኒውዮርክ ላይ አፍሪካ ባምባታ «ፕላኔት ሮክ»ን ሲያወጣ ዜማውን ከ«ትራንስ ዩሮፕ ኤክስፕረስ»፣ ምቱን «ነምበርስ» ከተባለው ሌላ ዘፈናቸው ነበር ያገኘው። በዚያው ዓመት «ዘ ሞደል» የተባለው ዘፈናቸው እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ ወጥቷል።

ኦሪጅናሉን ጨርሶ ሰምታችሁ የማታውቁ ከሆነ በ«ዘ ማን ማሽን» ጀምሩ። ስድስት ዘፈን ብቻ ነው ያለው። ከዚያ ወደዚህ ጽሑፍ ተመለሱ። ኦሪጅናሉን ሳያውቁ የአድናቂን ሥራ መስማት የማታውቁትን ሰው ፎቶ እንደማየት ነው።

ስምንት ቢት ኦፕሬተርስ፦ አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ

ይህ አልበም በ2007 ወጣ። የሠሩት የቺፕቱን ሙዚቀኞች ናቸው። ቺፕቱን ማለት ከድሮ የጌም ማሽኖችና ኮምፒውተሮች የድምፅ ቺፕ የሚወጣ ሙዚቃ ነው። ጌም ቦይ አለ፣ ኮሞዶር 64 አለ። የአልበሙ ስም ራሱ «ፖኬት ካልኩሌተር» የሚለውን የ1981 ዘፈናቸውን ያስታውሳል። ያ ዘፈን ካልኩሌተሩን ይዞ ሙዚቃ ስለሚሠራ ኦፕሬተር ያወራል።

አንደኛ የማደርገው ድምፁ ስለሚያምር ብቻ አይደለም። ምክንያቱን ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ።

ጌም ቦይ አራት የድምፅ መስመር ብቻ ነው ያለው። ሁለቱ አራት ማዕዘን ሞገድ የሚያወጡ ናቸው። አንዱ አጭር ሞገድ ተስሎ የሚገባበት ነው። አራተኛው ሹሹታ ብቻ ነው፤ ከበሮ የሚሠራው በእሱ ነው። ኮሞዶር 64 ደግሞ ሦስት ድምፅ ብቻ አለው። በዚህ ላይ ኪቦርድ ላይ እንደምናደርገው ሦስት አራት ጣት አሳርፎ ኮርድ ልያዝ ቢሉ ለሌላው የሚተርፍ መስመር አይኖርም። ስለዚህ ሙዚቀኞቹ የኮርዱን ኖታዎች አንድ በአንድ፣ ግን እጅግ በፍጥነት ያፈራርቋቸዋል። ጆሯችን ያንን እንደ አንድ ኮርድ ይሰማዋል። ያ የሚንቀጠቀጥ የጌም ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው።

አሁን ወደ ክራፍትቨርክ ተመለሱ። እነሱም በ1970ዎቹ የተጠቀሙበት ሚኒሙግ የተባለው ሲንተሳይዘር (ድምፅ በኤሌክትሪክ የሚፈጥር ኪቦርድ) በአንድ ጊዜ አንድ ኖታ ብቻ የሚያወጣ ነበር። ስለዚህ ዜማዎቻቸው ቀጭን፣ ግልጽ፣ በአንድ ጣት የሚጫወቱ ሆኑ። ጥበት ነው ያን ዓይነት ዜማ ያስወለደው። ከ30 ዓመት በኋላ ሌሎች ሰዎች በሌላ ጥበት ውስጥ ሆነው ያንኑ ዜማ ሲጫወቱት ዜማው ምንም አልጎደለበትም። እንዲያውም የተሠራው ለጌም ቦይ ይመስላል። አድናቂ የሚወደውን ሥራ ከውስጥ ተረድቶታል የምለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ደስ የሚለኝ ሌላም ነገር አለ። አልበሙ ላይ ከሚጫወቱት ሁለቱ መሣሪያውን የሠሩት ሰዎች ናቸው። ኦሊቨር ቪትቾ በጌም ቦይ ሙዚቃ የሚሠራበትን «ናኖሉፕ» የተባለ ፕሮግራም የጻፈ ሰው ነው። «ሮል ሞደል» በሚል ስም የሚጫወተው ስዊድናዊም ሌላውን እውቅ የጌም ቦይ ፕሮግራም የጻፈው ነው። ክራፍትቨርክ የራሳቸውን ኤሌክትሮኒክ ከበሮ በእጃቸው ሠርተው ነበር። እነዚህም መሣሪያውን ራሳቸው ሠርተው ነው ሊያከብሯቸው የመጡት። ከዚህ በላይ ምን አክብሮት አለ?

ኦሊቨር ቪትቾ የመረጠው «ክሪስታሎ» የተባለውን ዘፈን ነው። እሱ የ1973ቱ «ራልፍ ኡንት ፍሎሪያን» አልበም ላይ ያለ ነው። ክራፍትቨርክ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አልበሞቻቸውን ለአሥርት ዓመታት ዳግም ሳያሳትሟቸው ቆይተዋል። ስለዚህ አድናቂዎቹ ቡድኑ ራሱ መደርደሪያ ላይ የተወውን ዘፈን አንስተው አቧራውን አራግፈውለታል። ሁተር ራሱ ለዚህ አልበም ዘፈኖች ሲመረጡ እጁን አስገብቷል። ሥራቸውን በጥብቅ ከሚጠብቅ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የትኞቹን ትጀምሩ? ግሎማግ የተጫወተውን «ፖኬት ካልኩሌተር»ና ነልስሊፕ የተጫወተውን «ዘ ሞደል» ስሙ። ሁለቱ ካልያዟችሁ አልበሙ ለእናንተ አይደለም። አንድ ማስጠንቀቂያም ልስጣችሁ፦ የቺፕ ድምፅ ስል ነው። ኢርፎን አድርጋችሁ ሙሉውን በአንድ ትንፋሽ ከሰማችሁት ጆሮ ያደክማል። እኔ ሁለት ቦታ ከፍዬ ነው የምሰማው።

በነገራችን ላይ፣ ከማሽን ጋር ብቻውን ሆኖ ሙሉ ባንድ የሚያህል ሙዚቃ መሥራት ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ላይ በአኮርዲዮን፣ በሲንተሳይዘርና በድራም ማሽን ብቻውን የቀረጸውን ካሴት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከክራፍትቨርክ የወሰደው ነው እያልኩ አይደለም። ግን ያንን ካሴት የወደደ ሰው፣ ድራም ማሽን ሳይታክት በሚመታው ቀጥ ያለ ምት ላይ ዜማ ሲንሳፈፍ ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ያውቃል።

ኤል ባይሌ አሌማን፦ ሰው ለሚጋብዝ

ሴኞር ኮኮናት ብሎ ራሱን የሚጠራው ኡቨ ሽሚት ጀርመናዊ ነው፤ የፍራንክፈርት ሰው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ ሳንቲያጎ፣ ቺሊ ሄዶ እዚያው መኖር ጀመረ። በ2000 ይህን አልበም አወጣ። ስሙ በስፓኒሽ «የጀርመን ዳንስ» ማለት ነው። ዘፈኖቹ የላቲን ዳንስ ሆነዋል። «ትራንስ ዩሮፕ ኤክስፕረስ» ኩምቢያ ሆኗል። «ቱር ደ ፍራንስ» ሜሬንጌ ሆኗል። «ኒዮን ላይትስ» ቻቻቻ ነው።

ስትሰሙት አሥራ ምናምን ሰው ያለበት የላቲን ባንድ ይመስላችኋል። አብዛኛው ግን ኮምፒውተር ላይ ከትንንሽ ድምፆች ተቀጣጥሎ የተሠራ ነው። ክራፍትቨርክ ሰው ሆነው ሮቦት ለመምሰል ጣሩ። እሱ ደግሞ ኮምፒውተር ተጠቅሞ የሚያልበው፣ የሚስቅ፣ የሚያወዛውዝ ባንድ ሠራ። መንገዱን ከኋላ ጀምሮ ሄደበት ማለት ነው።

ከስምንት ቢት ጋር ሳወዳድረው፣ ኤል ባይሌ አሌማን በጣም ይቀላል። ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የማይወድ ሰው እንኳን ይቀበለዋል። እናቴ ከኩሽና ሆና ሰምታው «ይሄ ደስ ይላል፣ ማን ነው?» ብላኛለች። ስምንት ቢትን ስከፍት ግን «ቀንስልኝ» ነው ያለችው። ቤት ውስጥ ሰው ተሰብስቦ ከሆነ ምርጫው ይኸው ነው።

ድካሙ ግን አንድ ቦታ ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹን ዘፈኖች ስትሰሙ በሐሳቡ ትገረማላችሁ። ወደ መጨረሻው ግን ሐሳቡ ይለመዳል። ክራፍትቨርክ ውስጥ ያለው ያ ብርዳማ ናፍቆት እዚህ ቦታ አላገኘም። «ኒዮን ላይትስ» ኦሪጅናሉ ላይ በሌሊት ከተማ ብቻውን የሚሄድ ሰው ነው። እዚህ ሞቅ ያለ ግብዣ ላይ ነው ያለው። ግብዣው ያምራል፤ እኔ ግን ብቻውን የሚሄደው ሰው ይናፍቀኛል።

ፖሰስድ፦ ዝም ብሎ ለሚያዳምጥ

ያንን ናፍቆት የፈለገ ቫዮሊን፣ ቪዮላና ቼሎ ወደሚጫወቱት አራት ሰዎች፣ ወደ ባላኔስኩ ኳርቴት ይሂድ። አልበሙ በ1992 የወጣ ነው። መሪው አሌክሳንደር ባላኔስኩ ትውልደ ሮማንያዊ ቫዮሊኒስት ነው። አልበሙ ላይ አምስት የክራፍትቨርክ ዘፈኖች አሉ፤ የቀሩት የሌላ ናቸው። ስለዚህ ሙሉ የክራፍትቨርክ አልበም ብላችሁ እንዳትገዙት።

እዚህ ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር የለም። የማሽኑን ድግግሞሽ የሰው ክንድ ነው በቀስት የሚያመጣው። ክንድ ደግሞ ይደክማል፣ ትንሽ ይቸኩላል፣ ትንሽ ይዘገያል። በዚህች ስንጥቅ በኩል ነው ስሜቱ የሚገባው። «ኮምፒውተር ላቭ» ብቻውን ክፍሉ የተቀመጠ ሰው ዘፈን መሆኑ በደንብ የገባኝ ይህን ከሰማሁ በኋላ ነው። ሌሊት ለሚሠራ፣ ለሚያነብ፣ ረጅም መንገድ በአውቶብስ ለሚሄድ ሰው ከሁሉም ይኸኛው ይሻላል። ለጭፈራ አይሆንም።

ከዚህም በላይ ጸጥታ የሚፈልግ ካለ ቴሬ ቴምሊትስ በ1997 ያወጣው «ዲ ሮቦተር ሩባቶ» አለ። ብቸኛ ፒያኖ ነው። ሩባቶ ማለት ጊዜውን እንደ ስሜት መለጠጥና ማጥበብ ነው፤ ክራፍትቨርክ ፈጽሞ የማያደርጉት ነገር። ሐሳቡን አከብራለሁ። ግን ዜማውን ፈልጋችሁ የምታጡበት ጊዜ ይበዛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰማ አልመክረውም።

ትራንስ ስሎቬኒያ ኤክስፕረስ፦ ታሪክ ለሚወድ

ስሎቬኒያ ነፃነቷን ያወጀችው በ1991 ነው። ሕዝቧ ሁለት ሚሊዮን አካባቢ ነው። በ1994 የአገሪቱ ሙዚቀኞች ተሰብስበው የክራፍትቨርክን ዘፈኖች ተጫወቱና ይህ አልበም ወጣ። ምዕራብ አውሮፓን ያቋርጥ የነበረውን «ትራንስ ዩሮፕ ኤክስፕረስ» ባቡር ወስደው በራሳቸው ትንሽ አገር ውስጥ አስሮጡት። ስሙን ሳየው ሁልጊዜ አንድ ነገር ልቤን ይነካኛል። አዲስ አገር ነው፤ «እኛም አለን» እያለ ነው።

ከሥራው ጀርባ ላይባህ የተባለው ቡድን አካባቢ ያሉ ሰዎች አሉ። ላይባህ በ1980 ትርቦቭልየ በምትባል የማዕድንና የፋብሪካ ከተማ የተመሠረተ ነው። ክራፍትቨርክም የወጡት ከጀርመን የፋብሪካ ምድር ነው። ስለዚህ የብረት ድምፅ ለሁለቱም የሰፈር ድምፅ ነው።

የብዙ ቡድኖች ስብስብ ስለሆነ ግን ወጥ አይደለም። አንዱ ዘፈን ከባድና ጨለማ ነው። ቀጣዩ ቀላል ፖፕ ይሆናል። መሐል ላይ ያለ ይሉኝታ ዝለሉ የምላችሁ አለ። በ2005 ሁለተኛ ክፍል ወጥቷል፤ መጀመሪያውን ካልወደዳችሁት ሁለተኛውን አትሞክሩ።

ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚገኙትስ?

ብዙዎቻችን በቀላሉ የምናገኘው እነዚህን ነው። የማይታወቁ ሰዎች ተጠራርተው፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዘፈን አዋጥተው የሚለቋቸው ስብስቦች ናቸው። ውስጣቸው ዕንቁም አለ፣ ገለባም አለ። ሦስት ዓይነት እንደሆኑ አስታውሱ።

አንደኛው ዘፈኑን በራሱ መሣሪያ እንደገና የተጫወተ ነው። ከላይ ያወራናቸው ሁሉ የዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛው በክራፍትቨርክ መንፈስ አዲስ ዘፈን የጻፈ ነው። እዚህ ላይ በጣም ተጠንቀቁ። ብዙው የሰውን ድምፅ የማሽን በሚያስመስለው መሣሪያ፣ በቮኮደር፣ ድምፁን ሮቦት አድርጎ «ማሽን፣ ማሽን» እያለ ይደጋግማል። ክራፍትቨርክ ግን ስለ ማሽን የዘፈኑት ማሽኑ ዕለት ተዕለት ሕይወታቸው ውስጥ ስለነበር ነው። መንገዱ፣ ባቡሩ፣ ብስክሌቱ የራሳቸው ነበር። ስለ ራሱ ከተማ መንገድ የሚያወራ አድናቂ ስታገኙ አትልቀቁት።

ሦስተኛው ኦሪጅናሉን ቀረጻ ቆርጦ የቀጠለ ነው። ይህ ከጥራት አልፎ የሕግ ጉዳይ አለበት። ክራፍትቨርክ ደግሞ በዚህ ላይ በዓለም ከታወቁት ተከራካሪዎች መካከል ናቸው። በ1977 ከተሠራው «ሜታል አውፍ ሜታል» ከተባለው ዘፈናቸው ላይ ሞሰስ ፔልሃም የተባለ ጀርመናዊ ፕሮዲውሰር ሁለት ሰከንድ ገደማ የምትሆን ምት ወስዶ በ1997 በወጣ የራፕ ዘፈን ውስጥ ደጋገማት። ክርክሩ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ሲንከራተት ሃያ ዓመት አለፈው። በ2016 የጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ለጥበብ ነፃነት ያደላ ውሳኔ ሰጠ። ሐምሌ 2019 ላይ ደግሞ ሉክሰምበርግ ያለው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት፣ በጣም አጭርም ብትሆን ለጆሮ እስከታወቀች ድረስ ፈቃድ ያስፈልጋታል አለ። ሁለት ሰከንድ እንዲህ ካደረገች ሙሉ ዘፈን ቆርጦ የለጠፈ ስብስብ ዛሬ ኖሮ ነገ ቢጠፋ አይግረማችሁ። ዜማውን ራሱ የተጫወተም ቢሆን ሲሸጥ የዜማውን ባለቤት ድርሻ መክፈል አለበት። የእንግሊዙ ባንድ ኮልድፕሌይ በ2005 «ቶክ» በተባለው ዘፈናቸው ላይ የ«ኮምፒውተር ላቭ»ን ዜማ የተጠቀሙት አስፈቅደው ነው።

ታዲያ ጥሩውን በምን እንለየው? እኔ መጀመሪያ የማየው ዝርዝሩን ነው። እያንዳንዱ ዘፈን ሥር ማን እንደተጫወተው፣ በምን መሣሪያ እንደተጫወተው ተጽፎ ከሆነ ሠሪዎቹ ለሥራቸው ክብር አላቸው ማለት ነው። ከዚያ የመጀመሪያውን ሳይሆን ከመሐል አንድ ዘፈን እከፍታለሁ። ሁሉም ሰው ጥሩውን ፊት ላይ ያስቀምጣል፤ መሐሉ ነው እውነቱን የሚናገረው። ከዘፈን ወደ ዘፈን ድምፁ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነም አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሙሉውን አልሰማውም ማለት ነው።

በሞባይል ፓኬጅ ለምታወርዱ ይህን ሒሳብ ያዙ። 320 ኪሎቢት ኤምፒስሪ ለአንድ ደቂቃ 2.4 ሜጋባይት ገደማ ይበላል። የአንድ ሰዓት አልበም 144 ሜጋባይት አካባቢ ይሆናል ማለት ነው። 128 ኪሎቢት ከሆነ በደቂቃ አንድ ሜጋባይት ብቻ ነው። ለመሞከር 128 ይበቃል። «ፖሰስድ»ን ግን በ128 አትስሙት፤ የቫዮሊኑን ጫፍ ይበላዋል።

የራሳችሁን ብትሠሩስ?

ካሴት ቤት ሄዶ በወረቀት የተጻፈ ዝርዝር እየሰጠ «ምርጥ ምርጡን» ያስቀዳ ትውልድ ይህን ያውቀዋል። ዘፈን መምረጥና በተራ ማስቀመጥ ራሱ ሙያ ነው። ሙዚቃ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ከዚያ አልፋችሁ ሂዱ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ2015 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስንቶቻችን ተሳፍረንበታል። በሩ ሲዘጋ፣ ሐዲዱ ሲያፏጭ ስልካችሁ ላይ ቅዱት። ምት እዚያ ውስጥ አለ።

ለጊዜው ግን የእኔን ዝርዝር ተዋሱኝ። በኳርቴቱ «ሮቦትስ» ይጀምራል። ቀጥሎ የስምንት ቢቱ ይገባል። ሦስተኛ የሴኞር ኮኮናት ቻቻቻ ነው። አራተኛው ላይ የ1978ቱን ኦሪጅናል አስቀምጫለሁ። አራተኛው ላይ ስትደርሱ ድምፁን ትንሽ ከፍ አድርጉት።